የልማት ተነሺ

«ማንን ነው ተነሺ የምትለው?»

«እማማ፣ እርስዎን አላልኩም።»

«ስሜን ጠርተህ፣ በዚያ ጡሩንባህ ሰፈሩን ሁሉ አሰምተህ፣ ምንዳዬ ተነሺ አላልክም?»

«የልማት ተነሺ ነው ያልኩት። ወይዘሮ ምንዳዬ ነጋ፣ የልማት ተነሺ። መጠሪያ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም።»

«እናትህንስ እንዲህ ነው የምታናግራት? ተነሺ፣ ተቀመጪ እያልክ?»

አስናቀው ድምፅ ማጉያውን አውርዶ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አየ። የሚያግዘው አልነበረም። ልደታ ቁልቁለት ላይ በመንገዱ ዳር የተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ ቀይ ምልክት ከተቀባ ሰንብቷል፤ ነገ ጠዋት ዶዘር ይገባል ተብሏል፤ የመብራት ቆጣሪዎቹም ትናንት ተነቅለዋል። ልጁ የመጣው ስም እየጠራ ማን እንደወጣና ማን እንዳልወጣ ለማጣራት ብቻ ነበር። ስለ ካሳ ቢጠይቁት የሚመልሰው ተነግሮታል፤ ቢያለቅሱም ምን እንደሚል ያውቃል። ስለ አጠራር ግን ማንም ምንም አልነገረውም።

«ተነሺ ማለት እኮ የሚነሣ ሰው ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ወንዱም ተነሺ ነው። አያ ክንዱም ተነሺ ናቸው።»

ጎረቤታቸው አያ ክንዱ የአልጋቸውን እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ ሰሙት። «እኔን ተወኝ ልጄ፤ እኔ ተነሥቻለሁ» አሉና ቁልቁል ወረዱ።

«ወንዱን ተነሺ» አሉ እትዬ ምንዳዬ፣ ነገሩን ለመቅመስ ያህል ደግመው። «ዲያቆኑ እንኳ፣ ስንት ሌባና ስንት አደራ በላ የቆመበትን ሕዝብ ሲያስነሣ ተንሥኡ ነው የሚለው። ሁላችንንም በክብር ነው የሚያስነሣን። እናንተ ከማን ተማራችሁት?»

ስማቸው የሚባለው ዘመዳቸው የበሩን መቃን ተደግፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ይህን ሁሉ ሰማ። ስማቸው የቤት ደላላ ነው። በስልኩ የሚያነጋግረው ሰው ማራኪ አካባቢ ሁለት ክፍል ፈላጊ ነበር፤ «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋበት። አክስቱ ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ ሰዋስው ይከራከራሉ። ሊያፍርባቸው ዳድቶት ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ አስናቀው ላይ ሲያርፍ ንቀቱ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ልጁን ያውቀዋል። አምና አዘዞ መንገድ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር የሚኖርባትን ክፍል ያገኘለት እሱ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ፍራሻቸውን አጥፈው ግድግዳ ለግድግዳ እንደሚቆሙም ያውቃል። ያ ልጅ ዛሬ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ፣ ልማት የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ አትሞ፣ ሰው ከቤቱ ያስነሣል።

«ምትኩስ?» አለው ስማቸው፣ መልሱን እያወቀ።

«ምትክ ቤት በሂደት ላይ ነው፣ ጋሼ ስማቸው።»

«የት?»

«ጠዳ።»

«ጠዳ የት ላይ?»

«ቦታው ወደፊት ይለያል።»

«እስከዚያ ሂደቱ ላይ ይተኙ?»

«እኔ ስም ጠሪ ነኝ፣ ጋሼ» አለ አስናቀው፤ ወደሚቀጥለው በርም ሄደ። እዚያ ግን ተነሺ የምትለዋን ቃል ዋጥ አድርጎ ስሙን ብቻ ጠራ።

ቤቱ አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። የእትዬ ምንዳዬ ባል፣ መሪጌታ ሐብተ ማርያም፣ በሕይወት ሳሉ መቋሚያቸውን የሚያስደግፉባት ጥግ እስከ ዛሬ ጠቁራ ትታያለች። ስማቸው ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ለትምህርት የመጣ ጊዜ ያደረው በዚህችው ክፍል፣ ከመሪጌታ ደቀ መዛሙርት ጋር መሬት ላይ ተኝቶ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርስም ወዴት ሂድ ያለው የለም። አሁን መንገዱ ይሰፋል፤ ለእግረኛ ነው ተብሏል። እግረኛው ሲመሽ የት እንደሚገባ ግን የጠየቀ የለም። አልጋውንና ሣጥኑን የልደታ ደብር ዘበኛ፣ ቤት እስኪገኝ ላስቀምጥልዎት ብሎ፣ ወሰደው። እትዬ ምንዳዬ በነጠላ የተቋጠረች አንዲት ጓዝ ብቻ ይዘው ወጡ። በሩን ቆለፉት። ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ ቆመው ካሰቡ በኋላ እዚያው መቀርቀሪያው ላይ አንጠለጠሉት።

«እስከ ማታ አንድ ሸጋ ክፍል አገባዎታለሁ» አለ ስማቸው፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጦ። «ይህን ያህል ዓመት ለሰው ቤት ሳገኝ ለአንቱ አጣለሁ?»

«እማሆይ ማርያማዊት፣ ምንጣፌ ለሁለት ይበቃል ብላኛለች።»

«የት? መቃብር ቤት?»

«እዚያው ልደታ፣ መሪጌታ ካረፉበት አጠገብ ናት። ቆርቆሮዋም ደህና ነው፣ አታፈስም።»

«እትዬ፣ እኔ ደላላ ነኝ። የጎንደርን ቤት እየከፈትኩ ሳሳይ የኖርኩ ሰው አክስቱን መቃብር ቤት አስገባ ልባል?»

«የሚልህ ማን አለ? ሁሉም የራሱን ቤት እየፈለገ ነው» አሉ።

ባጃጁ አዲስ በተነጠፈው መንገድ ወደ ፒያሳ ወጣ። ከቆላ የመጡት ዘንባባዎች ቅጠላቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ በገመድ ታስሮ፣ ፍርድ እንደሚጠብቁ እስረኞች በረድፍ ቆመዋል። የመንገዱ መብራቶች በጠራራ ፀሐይ በርተዋል። የየሱቁ ግንባር አንድ ዓይነት ግራጫ ተቀብቷል፤ በግራጫው ኋላ ያለው ጭቃ ግን እንደነበረ ነው፤ ከግንባሩ ኋላ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ቦቴ ይጠብቃሉ። ስማቸው በዚህ መንገድ ባለፈ ቁጥር ሁሉንም ነገር በክፍል ይመነዝራል። ነጋዴ በብር፣ ገበሬ በኩንታል እንደሚያስበው እሱ በክፍል ያስባል። ከየወረዳው ጸጥታ ያጣው ሁሉ ወደ ከተማ ከገባ ወዲህ የክፍል ኪራይ ሦስት እጥፍ ወጥቷል፤ አንዲት አዲስ ቤት ግን መንግሥት ሲሠራ አላየም። ያየው አጥር ሲቀባ ነው።

«ያ ምሰሶ አንድ ክፍል ነው» አለ በጣቱ እያሳየ። «ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ። እነዚያ ዘንባባዎች አንድ ግቢ ሙሉ ናቸው። ታች አደባባዩ ላይ የሠሩት ፏፏቴ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ የሚመርቁት፣ እሱ ሁለት መቶ ክፍል ነው።»

«ሽንት ቤቱ ተቆጥሮ ነው?» አለ ባለ ባጃጁ ሳይዞር።

«የጋራ ነው» አለ ስማቸው።

እትዬ ምንዳዬ ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ የሳቁት ያኔ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የወሰዳቸው ከአውቶፓርኮ በታች ወዳለች ክፍል ነው። የሱቅ ዕቃ ማከማቻ የነበረች ናት፤ ወለሏ አፈር፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ መስኮት የላትም፤ በቅርቡ ዶሮ እንዳደረባት ትሸታለች። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እትዬ ምንዳዬ ገብተው በአንዱ ጥግ ቆሙ፤ ወደ ሌላው ጥግ ሄደው ቆሙ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ይበቃኛል።»

«አይ፣ ይቺ አትሆንም፣ እትዬ።»

«ምነው?»

«ዶሮ የነበረባት ናት። የምትሆነው ቀጥላ ያለችው ናት።»

«ታዲያ ምነው እዚህ አመጣኸኝ?»

ስማቸው ወደ በሩ መለስ አለ። ደላላ መጀመሪያ የሚያሳየው የማትሆነዋን ቤት ነው፤ ፈላጊው ልቡ ሲወድቅ ሁለተኛዋ ቤት ታምርለታለች፣ ዋጋውንም አይከራከርም። ሥራው እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን የሚያሳየው ለማን እንደሆነ ሳያስብ እግሩ በለመደው መንገድ ይዞት ሄዷል። «መንገዳችን ላይ ስለሆነች ነው» አለ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰውዬ «እንነጋገራለን» ብሎት አለፈ።

ሁለተኛዋ ሳሙና በር፣ የወይዘሮ አበቡ ግቢ ናት። ሲሚንቶ ወለል፣ ነጭ ግድግዳ፣ መስኮቷ ወደ ፀሐይ የሚያይ። ወይዘሮ አበቡ የስማቸው የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናቸው፤ ከዚህ ግቢ ተከራይ ያለ እሱ እጅ ገብቶም ወጥቶም አያውቅም። ለእትዬ ምንዳዬ ዱካ አቀረቡላቸው፣ ውሃ ሰጧቸው፣ ከዚያም መጠየቅ ጀመሩ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እህል ይበላልዎታል? ሌሊት ያስልዎታል እንዴ? እትዬ ምንዳዬ እያንዳንዱን በምስጋና መለሱ። ጥየቃው ለምን እንደሆነ ስማቸው ገብቶታል፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ወይዘሮ አበቡ በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ውሃ በርሜሉ ወሰዱት። በርሜሉ ግን ሩቅ አልነበረም።

«አንተ አይደለህ አሮጌ ሰው አታስገቢ ያልከኝ?»

«እሱማ ሌላ ጊዜ ነው።»

«ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳኑ የት ይጣላል? ግቢዬን ታየው የለ። ተከራዩ ሁሉ መውጫ አጥቶ ሊከርም ነው። ይህን ሁሉ የነገርከኝ አንተ ነህ።»

«አክስቴ ናቸው እኮ።»

«አክስትህ ከሆኑማ ይባስ። ከጃናሞራ የሚመጣው ለቀስተኛ በዚህ በር ይገባል?» ወይዘሮ አበቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያም ቢሆን ይሰማ ነበር። «ቆይ፣ ያንተ የጓሮ ክፍልስ?»

«ሰው አለባት።»

«ማን?»

«ሰው ነዋ» አለ ስማቸው።

እትዬ ምንዳዬ በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጀሪካኖች እያዩ ተቀምጠዋል። ስማቸው ሲመለስ ቀና ብለው አላዩትም። ጓዛቸውን አንሥተው ወይዘሮ አበቡን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግቢሽ ሸጋ ነው» አሏቸው። የስማቸውን የጓሮ ክፍል እሳቸውም ያውቋታል። ስትሠራ ጭቃ የሚያቦኩትን ሰዎች ምሳ ያበሉት እሳቸው ነበሩ። ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እሳቸው ስለ ክፍሏ አልጠየቁም፣ እሱም አላነሣም።

ስማቸው ወደ መጀመሪያዋ ክፍል ባለቤት ደወለ። «ሦስት ተማሪዎች ገብተውባታል» አለው ሰውዬው። «አሁን ገና እየጠረጓት ነው። እንነጋገራለን ብለህ ሄድክ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤቶችን ዞሩ፤ ወይ ዋጋው የማይቀመስ፣ ወይ ባለቤቱ አሮጊቷን አይቶ ድንገት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ የሚያስታውስ ነበር። ስማቸው በየበሩ መንግሥትን ሰደበ። ባለቤቶቹም አብረውት ሰደቡ፤ በዚህ ሁሉም ይስማማሉ፤ ሰድበው ሲጨርሱ በሩን ይዘጋሉ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የእትዬ ምንዳዬ እግር መጎተት ጀመረ።

«እንግዲህ ለዛሬ እኛ ጋ ይደሩ» አለ ስማቸው። ለዛሬ የምትለዋ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ጎላ ብላ ወጣችበት።

የስማቸው ቤት ማራኪ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ እሱና ሚስቱ የሚተኙባት አንድ መኝታ፣ ጓሮው ውስጥ ደግሞ የራሷ በር ያላት ያቺ ክፍል። የተከራያት ልዑልቃል የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው፤ መንገዱን ከሚያሰፋው ፕሮጀክት ጋር የመጣ፣ አበሉ ጥሩ የሆነ፣ ኪራዩን ወሩ ሳይገባ የሚከፍል፣ ያውም ከአካባቢው ዋጋ በላይ። ስማቸው ስለ መንግሥት ወጪ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው በጓሮው መስኮት መብራት ሲታይ ብቻ ነው።

ሚስቱ እስከዳር እትዬ ምንዳዬን ጉንጭ ለጉንጭ ሳመቻቸው። ጓዛቸውን አየች፤ ስማቸውን አየች፤ ከዚያም «ደክሞዎታል» ብላ ጓዛቸውን ተቀብላ ከሶፋው ኋላ፣ ከመግቢያው በማይታይበት በኩል አስቀመጠችው። ሶፋው ሰው ቢተኛበት እግር የሚያንጠለጥል ነው። እስከዳር ትራስ አውጥታ ጫፉ ላይ አደረገች፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ አነሣችው። ስለ ቤቱ የጠየቀ የለም። ስለ ዘይት ዋጋ ተነጋገሩ። ውሃ ከመጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ ተነጋገሩ። ስማቸው ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ የፏፏቴው ምርቃት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ሪባን ተዘርግቷል፣ ሰልፈኛ ያጨበጭባል።

ልዑልቃል በሩን አንኳኩቶ ገባ። የእሱ ክፍል ቴሌቪዥን የለውም፤ ሥራውን ማየት ፈልጎ ነው። እትዬ ምንዳዬን ሲያይ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው፤ እስከዳር ያቀረበችለትን ደህነኛውን ወንበርም «እማማ ይቀመጡበት» ብሎ ለቀቀላቸው። በደንብ ያደገ ልጅ ነው።

«ከየት መጡ?» አለ።

እትዬ ምንዳዬ ከንፈራቸውን ከፈት ከማድረጋቸው «ከጃናሞራ» አለች እስከዳር። «አክስቱ ናቸው። ሊጠይቁን።»

«እንኳን ደህና መጡ። ከተማችን እንዴት አገኟት? ተቀይራለች አይደል?»

እትዬ ምንዳዬ ስማቸውን አዩት። ስማቸው ቴሌቪዥኑን ያያል።

«ሸጋ ናት» አሉ።

ሪባኑ ተቆረጠ። ውሃው መጀመሪያ በነጭ፣ ቀጥሎ በሐምራዊ፣ ቀጥሎ በአረንጓዴ መብራት ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ ካሜራውም ቀርቦ ጠብታዎቹን አሳየ። እትዬ ምንዳዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ስማቸው፣ ይህ ነው ሁለት መቶ ክፍሉ?»

«የምን ክፍል?» አለ ልዑልቃል።

«እንዲያው የአገር ቤት አነጋገር ነው» አለ ስማቸው ቶሎ ብሎ። «ትልቅ ነው ለማለት ነው።»

«እውነትም ትልቅ ነው። ግን ይህ ገና ነው፣ እማማ። በልደታ በኩል ያለው ሲጨመር ነው የሚያምረው። እዚያ ጥቂት ተነሺዎች ነበሩ የቀሩን፣ ነገ ያልቃል።» መሐንዲሱ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ፈገግ አለ። «ዛሬ ያሳቁንን ልንገራችሁ። ስም የሚጠራልን ልጅ አለ፣ አስናቀው የሚባል። አንዲት ባልቴት ጋ ሄዶ የልማት ተነሺ ሲላቸው፣ ማንን ነው ተነሺ የምትለው ብለው ያዙት አሉ። እናትህን እንዲህ ትላታለህ ወይ፣ ዲያቆን እንኳ ተንሥኡ ነው የሚለው ብለው። ልጁ ከዚያ በኋላ ቃሉን መጥራት ፈርቶ ዋለ።»

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። እስከዳር ተከራይዋን ላለማሳፈር ሳቀች። ከእሷ ቀጥሎ፣ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ ስማቸውም ሳቀ።

እትዬ ምንዳዬ በደህነኛው ወንበር ላይ ናቸው። ይህን ጊዜ የስማቸው ስልክ ጮኸ፤ ጠዋት የዘጋበት የማራኪው ሰው ነበር። «አዎ፣ አለ» አለ ስማቸው፣ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ። «ሁለት ክፍል፣ ከነቆጣሪው። ነገ ጠዋት አሳይሃለሁ። መጀመሪያ አንድ ሌላ እናያለን፣ ከዚያ እሱን።» ልዑልቃል የዘንባባዎቹ ገመድ በሳምንቱ እንደሚፈታ ለእስከዳር ይነግራታል፤ እስከዳርም ራት ለማቅረብ ወደ ማድ ቤት እያለፈች ራሷን ትነቀንቃለች። ውሃው ቢጫ ሆነ።

እትዬ ምንዳዬ ተነሡ። ከሶፋው ኋላ ጓዛቸውን ወሰዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በመሐንዲሱ ጫማ አጠገብ ያለውን ጫማቸውን አጥልቀው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ውጭ ገና ጨርሶ አልጨለመም ነበር፤ ወደ ልደታ፣ ወደ እማሆይ ምንጣፍ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው።

እስከዳር ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ማስታጠቢያውንና ጣሳዋን ይዛ መጣች፤ መጀመሪያ ተከራዩን፣ ቀጥላ ባሏን፣ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ ጣሳዋን በጣም ዘንበል ሳታደርግ አስታጠበቻቸው።